በሽቦ የታሰረው ካርድ

ሐምሌ 2

ሐምሌ 1 ተጽፎ ዛሬ ጠዋት በተላላኪ የደረሰኝን ደብዳቤ ቃል በቃል እገለብጣለሁ፦

«በእርስዎ ወርክሾፕ ታድሶ ሰኔ 11 ቀን የተረከብነው የአውቶቡስ ቁጥር 7 ቴስታታ ከተገጠመ በሁለት ሳምንቱ ወደ ሞተሩ ውሃ በማስገባቱ፣ አውቶቡሱ ዳገት ላይ ከመቆሙም በላይ በሹፌራችን ክንድ ላይ የመቃጠል አደጋ ደርሷል። ይህም የሆነው በእርስዎ በኩል በተፈጸመ የጥራት ጉድለት መሆኑን ኮሚቴው ስላመነበት፣ ከዛሬ ጀምሮ ማናቸውንም የሞተር ሥራ ለወርክሾፕዎ የማንሰጥ መሆኑን እንገልጻለን።»

ከታች ማኅተም። ማኅተሙ ፊርማው ላይ ስላረፈ ፊርማው አይነበብም። ማንበብም አያስፈልገኝ፤ የአውቶቡስ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው።

«ስላመነበት» ይላል። ብረት አይታመንም፤ ይለካል። ማን ለካው? በምን ለካው? ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት ውስጥ ቴስታታን፣ የሞተሩን ራስ፣ ከድስት ክዳን ለይቶ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ሁለቱም ከላይ ይገጠማሉ፣ ሁለቱም እንፋሎት ያፍናሉ፤ ድስቱ ሲያፈስ ግን የሚበላሸው እራት ብቻ ነው።

እውነቱን እዚህ ላስፍር። አዲስ ለመግዛት አቅም የለንም ብለው ከጓሯቸው ሦስት አሮጌ ቴስታታ ጭነው አመጡ። «ከሦስቱ አንዱን ሰው ያድርጉልን፣ ኢንጂነር» አለ ሊቀመንበሩ። አንደኛው በቫልቮቹ መካከል ተሰንጥቋል። የሁለተኛውን የውሃ መንገድ ጨው በልቶታል። ሦስተኛው ደህና ነበር፤ ግን ማንነታቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ከእኔ በፊት ሁለት ጊዜ ፊቱን ልገውታል። ቴስታታ በተላገ ቁጥር ይሳሳል። ይህኛው ከ118.20 ሚሊሜትር በታች ከወረደ ቁርጥራጭ ነው፤ ማንም ቢለምነኝ አልሠራውም። የሠራሁት 118.24 ስለነበረ ነው። ካርዱ በሽቦ ታስሮበት ወጥቷል። ቁጥሩን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው።

ትርፉ አራት መቶኛ ነው። ትንሽ ናት። ግን ትርፍ ትርፍ ነው።

በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቴስታታ ተመልሶብኝ አያውቅም። እነዚህ ሰዎች ከቀሩ የሚቀረኝ የሁለት ታክሲዎች ሥራና የወፍጮ ቤቱ አሮጌ ሞተር ነው።

ሐምሌ 3

አራት ረቂቅ ጻፍኩ። ሚስቴ ሦስተኛውን አነበበችው።

«ይሄ ደብዳቤ ነው ስድብ?»

«ስድብ ቢሆን አጠር ይል ነበር።»

አልሳቀችም። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «"የቡሎኖቹ አጠባበቅ ቅደም ተከተል ይመርመር" ይላል እዚህ ጋ። ቡሎኑን ያጠበቀው ማነው? መንፈስ ነው?»

ቴስታታውን የገጠመው የማኅበሩ መካኒክ የእሷ ታናሽ ወንድም ነው። ጋራዡ ሁሉ «ቀስበል» ይለዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአፉ የማይጠፋ ቃል ነው። ቴስታታ ሲገጥም አሥሩን ቡሎን ከመሃል ወደ ዳር በሦስት ዙር ያጠብቃል፤ ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ እያንዳንዱ ላይ በነጭ ቀለም ያሰምርበታል። ሌሎቹ ይስቁበታል። እኔ ስቄበት አላውቅም።

«ወንድምሽን አላነሳሁትም» አልኳት። ሞተር ውሃ ካስገባ ጥፋቱ ወይ የቴስታታው፣ ወይ የገጣሚው፣ ወይ የሹፌሩ ነው። ሐቀኛ ሰው ሦስቱንም ይዘረዝራል። ዘረዘርኩ። ለመጀመሪያው ማስረጃ አያይዣለሁ። የቀሩት ሁለቱ የእኔ ጉዳይ አይደሉም።

«አዎ፣ የአንተ ጉዳይ አይደሉም» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

ሹፌሩ የሙቀት መርፌው ቀይ ላይ ደርሶ እያየ ዳገቱን ወጣ። ይህንን ለምን ማንም አያነሳም?

ሐምሌ 5

ደብዳቤውን እጅ በእጅ ሰጠሁ። አስፈርሜ ነው የሰጠሁት። ከሥራ መዝገቤም የሚከተለውን ገልብጬ አያያዝኩ፦

«ሰኔ 11። መብራት ከ4 እስከ 7 ሰዓት። የአውቶቡስ 7 ቴስታታ። ከማጠቢያው በርሜል ወጣ 6:05። ተለካ 6:15፣ 118.36። ተላገ ከ6:20 እስከ 6:50፣ የተነሳ 0.12። ቀሪ 118.24። ካርድ ተጻፈ 6:55።»

ደቂቃ ሳይቀር! መብራት በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ በሚሰጠን ወር፣ ማሽን እየሮጠ፣ ይህን የሚመዘግብ ሌላ ወርክሾፕ ካለ ያምጡልኝ።

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። በወርክሾፔ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ሦስት ሕግ ጽፌያለሁ። ያልታጠበ አይለካም። ሳይቀዘቅዝ አይለካም። ያልተጻፈ አልተለካም። ሦስተኛዋን በቃሌ አልኩለት።

«ልክ ነዎት፣ ኢንጂነር» አለ። «ወረቀት ያለው ሰው ሌላ ነው።»

ሐምሌ 9

ዝናብ። መብራት የለም። የወፍጮ ቤቱን ቫልቮች በእጅ እያሸን ዋልን።

አጣቢዬ ሳትጠየቅ ተናገረች። ቴስታታዎቹን በሚፈላ የሶዳ ውሃ የምታጥበውም፣ ቫልቮቹን የምታሸውም እሷ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ ስትሠራ በዓመት አሥራ አንድ ቃል ብትናገር ነው።

«ጋሼ፣ የዚያን ቀን የአውቶቡሱን ከበርሜል ሳወጣው በጓንት ነበር።»

«መቼ ያለ ጓንት አውጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«እርስዎም ሲለኩት በጨርቅ ነው የያዙት።»

ሥራሽን ሥሪ አልኳት። ሠራች።

ሐምሌ 14

አሸነፍኩ።

ኮሚቴው ካርዱን ከቴስታታው ላይ ፈትቶ ከመዝገቤ ጋር አመሳከረ፤ አንድ ሆነ። የሐምሌ 1 ደብዳቤያቸውን የሚሽር ሌላ ደብዳቤ ሰጡኝ። በዚያው ሁለት ቴስታታ እንደሚልኩልኝ ነገሩኝ። ሊቀመንበሩ እጄን ጨብጦ አልለቀኝም። «ኢንጂነር፣ አይቀየሙን። የሹፌሩ ክንድ ሲላጥ አይተን ደንግጠን ነው።»

አዲሱ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ጥፋቱ በገጣሚው ባለሙያ በኩል መሆኑ ስለተረጋገጠ።»

እኔ «ይመርመር» ነው ያልኩት። ከ«ይመርመር» እስከ «ተረጋገጠ» ያለውን መንገድ የሄዱት እነሱ ናቸው። አብሬያቸው አልሄድኩም። እርግጥ ነው፣ ደብዳቤውን እዚያው አንብቤ አጥፌ ኪሴ ከትቻለሁ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ለኮሚቴ ሰዋስው ላስተምር?

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ክረምቱ ነው መሰለኝ።

ሐምሌ 15

ሚስቴ አላናገረችኝም። እራት አቅርባ ሌላ ክፍል ገባች። በስልክ ስታወራ በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

«አይ፣ እሱ ደህና ነው። እሱ ምን ይሆናል? ወረቀት አለው።»

ሐምሌ 19

መጣ። እሁድ ነው፣ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቀስበል ጫማውን በር ላይ አራግፎ ገባና የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሚስቴ ሻይ አምጥታ ከእኛ ጋር ሳትቀመጥ በሩ ላይ ቆመች።

ያለ ደመወዝ አግደውታል፤ ስሙንም በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ አውጥተዋል። ነሐሴ 30 ቀን ኮሚቴው ተሰብስቦ ቦታውን ለሌላ መካኒክ ይሰጣል። ጉዳዩ ያለቀ ነው ብለውታል፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። በጥፋት የተባረረ መካኒክን ሌላ ጋራዥም አይነካውም። በአርባ ሰባት ዓመቱ ሁለት ልጅ ይዞ።

ለመጨቃጨቅ ተዘጋጅቼ ነበር። ክርክሬን ሁሉ ደርድሬ ነው የጠበቅኩት፤ ስለ ሹፌሩ፣ ስለ ጓርኒሲዮኑ፣ ቴስታታውና ሞተሩ መካከል ስለሚገባው ስለዚያ ስስ ማሸጊያ፤ ርካሹን ገዝተው ቢሆንስ?

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለኝ። «ለክተኸዋል?»

«ለክቼዋለሁ።»

«አንተ ራስህ?»

«እኔ ራሴ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«እንግዲያው በቃ» አለ። «አንተ ለካሁ ካልክ እኔ አላጠበቅኩትም ማለት ነው። አንዱን ዘልያለሁ። የትኛውን እንደሆነ ነው ያጣሁት።»

ሚስቴ በሩን ለቃ ሄደች።

አልጮኸብኝም። ሰው እንዴት አይጮህም? ቢጮህ እመልስለት ነበር።

ሐምሌ 20

አልተኛሁም። ትራሱ ነው።

ሐምሌ 24

መብራት ከ8 እስከ 11 ሰዓት። ማኅበሩ የላካቸው ሁለቱ ቴስታታዎች ገና እንደታሰሩ ናቸው። የታክሲውን ጀመርን።

በ10 ሰዓት ተኩል አጣቢዋ ከበርሜሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ገና ይተናል። ማይክሮሜትሩን አንስታ ዘረጋችልኝ።

«ምን ላድርግበት?» አልኳት።

«መብራት ሊሄድ ነው።»

ጮህኩባት። ግድግዳውን በጣቴ እየጠቆምኩ ሁለተኛውን ሕግ አስነበብኳት። የጋለ ብረት ያብጣል፣ ያበጠ ብረት ይዋሻል፣ ይህንን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነግሬሻለሁ አልኳት። ሁለት ሰዓት ሳይቀዘቅዝ ማይክሮሜትር ያስነካ ሰው እጁ ይቆረጥ አልኳት። ያንን አሁን ሳስበው ማለት አልነበረብኝም።

ማይክሮሜትሩን ወደ ሳጥኑ መለሰች። ክዳኑን ዘጋች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፦

«ያኔስ?»

ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም።

የዚህ ወርክሾፕ ችግር ብዙ ነው። ጣራው ከማሽኑ በላይ ያፈሳል። የመላጊያ ማሽኑ ኩሽኔታ ከመጋቢት ጀምሮ ይጮኻል፤ መቀየሪያ ስለሌለኝ በግራሶ እያባበልኩት ነው። የቫልቭ ማቆሚያዎቹን ከወላለቁ ሞተሮች ለቅሜ ነው የምሠራው። ቴስታታ በአየር የምፈትንበትን ሳህን የሠራሁት ከአሮጌ የበር ብረት ነው፤ ሰው ሲያየው ይስቃል፣ ግን ስንጥቅ አያመልጠውም። ኪሱ ባዶ ሰው ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። እኔ ጥንቃቄዬ እጥፍ ነው። ያ ቴስታታ ላይ ስንጥቅ አልነበረም። ስንጥቅ አልነበረም።

መብራት በ11 ሄደ። የታክሲው ሳይለካ አደረ።

ነሐሴ 1

ሻይ ቤት ገብቼ ጥግ ተቀመጥኩ። ከጀርባዬ ሦስት ሹፌሮች። አላዩኝም፤ ወይም አይተውኝ ነው።

«ሰማህ ወይ፣ ኢንጂነሩ አማቹን ላገው።»

«ስንት አነሳለት?»

«እንጀራውን ነዋ! ፊቱ ለስልሶ ነው የወጣው ሰውዬው፤ ቁጭ ብሎ መኪና ያጥባል አሉ፣ ከድልድዩ ሥር።»

«ካርድ በሽቦ አስሮለታል?»

ሳቁ። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ሻዩን አልቀመስኩትም።

መኪና ያጥባል። አላውቅም ነበር። ሚስቴ ታውቅ ኖሯል።

ነሐሴ 5

ለአእምሮ ማሟሻ ያህል አንድ ስሌት ሠራሁ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ በወረቀት የሠራሁት የለም።

አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ሙቀት፣ በአንድ ሜትር ላይ 23 ማይክሮን ያብጣል። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው። ውፍረቱ 118 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ ከክፍሉ አየር በአርባ ዲግሪ ቢበልጥ፣ ሲለካ ከእውነቱ አሥራ አንድ መቶኛ ያህል ወፍሮ ይታያል።

አሥራ አንድ መቶኛን ከዚያ ቁጥር ላይ መቀነስ ነው የቀረው። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይቀንሰዋል።

አልቀነስኩትም። የዚያን ቀን ብረቱ ስንት ዲግሪ እንደነበረ ማንም አያውቅም። በአርባ ይብለጥ፣ በአሥር ይብለጥ ማን አየ? ከበርሜል ወጥቶ አሥር ደቂቃ ቆይቷል። አሥር ደቂቃ ቀላል አይደለም። በሩ ክፍት ነበር። ነፋስ ነበር።

ነፋስ መኖሩን መዝገቡ አይልም።

ነሐሴ 8

ወደ ማኅበሩ ጓሮ ሄድኩ። ማይክሮሜትሩን በካፖርቴ ውስጥ ይዤ፣ እንደ ሌባ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ያውቀኛል።

«ኢንጂነር፣ ደግሞ ምን ጠፋ?»

«የእኔ የሆነ ነገር» አልኩት።

ቴስታታው ሸራ ለብሶ ከጎማ ክምር አጠገብ ተቀምጧል። ከወለቀ ከወር በላይ ሆኖታል፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ካርዱን ሲፈቱት የቀረችው የሽቦ ቁራጭ አለች። በጨርቅ ጠረግሁት። ለካሁ።

118.13።

ቦታ ቀይሬ ለካሁ። 118.13። ጠባቂው እንዲያነብልኝ ሰጠሁት፤ እንዴት እንደሚነበብ አሳየሁትና አነበበ። «አሥራ ሦስት ነው የሚለው» አለ።

ከማይክሮሜትሩ ጋር የያዝኩትን ቀጥ ያለ ብረት ፊቱ ላይ አስተኛሁ። በመሃሉ ብርሃን አለፈ። ትኩስ ሳለ ተልጎ፣ ሲቀዘቅዝ ጎብጧል።

በእያንዳንዱ የቡሎን ቀዳዳ አጠገብ ግማሽ ነጭ መስመር አለ። ሌላው ግማሽ ቡሎኖቹ ላይ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል። ከቀዳዳዎቹ አጠገብ በእርሳስ ከመሃል ወደ ዳር ከ1 እስከ 10 ተጽፏል። አሥሩም አሉ።

ነሐሴ 9

ወርክሾፕ አልሄድኩም።

ነሐሴ 11

አጣቢዋን «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቄን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ።

«ነግሬዎታለሁ» አለች። «ሁለቴ።» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ሦስተኛ ብነግርዎት ያባርሩኝ ነበር። እኔስ ልጆች የሉኝም?»

አላባርርሽም ነበር አልኩ። ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት እንደ መስማማት ስቆጥረው ነበር።

ያንን ቀን አሁን አስታውሰዋለሁ። መብራት ሊሄድ አርባ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል፤ የማኅበሩ መኪና በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ብረቱ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ጣቴን ሲያቃጥለኝ ተሰምቶኛል። ጣቴን እፍ እፍ አልኩት። ከዚያ 118.36 ብዬ ጻፍኩ። ቀዝቅዞ ቢሆን 118.25 ነበር የሚለኝ፤ ከዚያ ላይ 0.12 ከተነሳ ከ118.20 በታች ይወርዳል፣ ያኔ አልሠራው፤ አልሠራሁትም ብል ደግሞ አራተኛ ቴስታታ አልነበራቸውም፤ ሥራው ወደ ሌላ ይሄዳል። ይህንን ሁሉ የዚያን ጊዜ አስቤዋለሁ? አላሰብኩትም። ግን ጣቴን እፍ ብዬዋለሁ።

ማታ ለሚስቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አላቆመችም።

«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? እኔ ኮሚቴ ነኝ?»

«ለማን ልንገር?»

«አድራሻው ከድልድዩ ሥር ነው።»

ነሐሴ 13

ከድልድዩ ሥር። ጭቃ፣ ባልዲ፣ ሁለት ታክሲ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ የጎማ ቆብ ያጥባል። የመካኒክ ቱታውን አልለበሰም።

ሁሉንም ነገርኩት። ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ ጨርቁን። ቁጥሮቹን ስናገር ድምፄ እንዳልተንቀጠቀጠ ልብ ብያለሁ። ሌላውን ስናገር ግን እንዲያ አልነበረም።

ቆቡን አስቀመጠ።

«እጄን ስጠረጥር ከረምኩ፣ ጋሼ» አለ። «ጋደም ባልኩ ቁጥር ቡሎን እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል። ሰባተኛውን አላጠበቅኩትም ይሆን እላለሁ። የቤቴን በር ቡሎን ሳይቀር ፈትቼ አጥብቄያለሁ፤ እጄ ያውቅ እንደሆነ ልይ ብዬ።»

«አጥብቀኸዋል። ሰባተኛውንም አየሁት። ነጩ ቀለም አለ።»

«መቼ አየኸው?»

«ነሐሴ 8።»

በጣቱ ቆጠረ። «አምስት ቀን» አለ። ጎንበስ ብሎ ቆቡን አነሳ። «ቀስ በል አልልህም እንግዲህ። አንተማ ቀስ ብለህ ጨረስከው።»

የታክሲው ባለቤት «ኧረ ቶሎ በል!» እያለ ጮኸ። ቆሜ ቀረሁ። ባልዲ ላቀብለው ብዬ እጄን ስዘረጋ በክርኑ መለሰኝ። በቀስታ ነው የመለሰኝ። በኃይል ቢገፋኝ ይሻል ነበር።

ነሐሴ 16

ሊቀመንበሩ በሩን ዘጋ። ሁሉንም ሰማኝ። አንዴም አላቋረጠኝም። ስጨርስ ሣቀ፤ ክፉ ሣቅ አይደለም።

«ኢንጂነር፣ ሰው ለራሱ ይሟገታል እንጂ በራሱ ላይ ይሟገታል? እህትየው አለቀሰችብዎት አይደል?»

«ማይክሮሜትር ይዤ መጥቻለሁ። ጓሮ እንውረድና ይለኩት።»

«እኔ ምን አውቄ እለካለሁ? ጉዳዩ ተዘግቷል። ማኅተም አርፎበታል። መጀመሪያ እርስዎ ነዎት አልን፣ ቀጥሎ እሱ ነው አልን፤ አሁን ደግሞ ተመልሰን እርስዎ ነዎት ብንል ነገ ማን ያምነናል?»

«አትመኑ! ለኩ!»

«ሁለት ቴስታታ ልኬልዎት የለም እንዴ? ምን ጎደለዎት? የሚስትዎን ወንድም እንደምንም ሌላ ቦታ እናያለን። ለጥበቃ ሰው እንፈልጋለን።»

ለጥበቃ። ቴስታታ ገጥሞ ነጭ ቀለም የሚቀባውን ሰው ለጥበቃ።

«በጽሑፍ አመለክታለሁ» አልኩት።

«ይጻፉ» አለ በሩን እየከፈተ። «መጻፉንማ ያውቁበታል።»

ነሐሴ 18

ዛሬ ረቂቅ አንድ ብቻ ነው የጻፍኩት። ሚስቴ አነበበችው፤ አንድም መስመር ላይ ጣቷን አላሳረፈችም። አጣቢዋ በምስክርነት ፈርማለች። የዕቃ ቤቱ ጠባቂም ፈርሟል፤ «አሥራ ሦስት ነው የሚለው» ብሎ በራሱ እጅ ጨምሮበታል። የአማቼን ፊርማ አልጠየቅኩም። ግልባጩ ይህ ነው፦

«ለአውቶቡስ ማኅበሩ ሊቀመንበርና ለሰባቱ የኮሚቴ አባላት።

ሐምሌ 5 ቀን በሰጠኋችሁ ደብዳቤ የአውቶቡስ ቁጥር 7 ቴስታታ 118.24 ሚሊሜትር ነው ብያለሁ። አይደለም። ሰኔ 11 ቀን ከሚፈላ ውሃ በወጣ በአሥር ደቂቃው ሳይቀዘቅዝ በእኔ እጅ ተለካ፣ ሳይቀዘቅዝም ተላገ። ቀዝቅዞ ሲለካ 118.13 ነው። ከተፈቀደው በሰባት መቶኛ ያንሳል፣ ፊቱም ጎብጧል። ሞተሩ ውሃ ያስገባው፣ የሹፌራችሁ ክንድ የተቃጠለው በዚህ ነው። የመርፌውን ጉዳይ አንስቼ ሹፌሩን መውቀሴንም እተወዋለሁ። አሥሩም ቡሎኖች በትክክለኛው ተራ ጠብቀዋል፤ ምልክታቸው በጓሯችሁ ውስጥ ዛሬም ይታያል። ገጣሚው ጥፋት የለበትም። ያቻኮለኝ መብራት ሊጠፋ መሆኑ ነው፤ ይህንን የምጽፈው ለማመካኛ ሳይሆን ያልተጻፈ አልተለካም ብዬ ስለማምን ነው።

የእናንተን ጥፋት ደግሞ እኔ ልንገራችሁ። ሐምሌ 1 ቀን ሳትለኩ ፈረዳችሁብኝ። ሐምሌ 14 ቀን ሳትለኩ ፈረዳችሁበት። በመጀመሪያው ትክክል የሆናችሁት በአጋጣሚ ነው። በሁለተኛው ግን አንድ ሰው የገዛ እጁን እንዲጠራጠር አድርገናል፤ እናንተም እኔም።

ስለዚህ የሐምሌ 14 ደብዳቤያችሁ እንዲሻር፣ የሐምሌ 1 ደብዳቤያችሁ እንዲጸና፣ መካኒኩ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ስሙ በወጣበት ስፍራና በዚያው መጠን ባለው ጽሑፍ ነጻ መሆኑ ተገልጾ የታገደበት ደመወዝ ተከፍሎት ወደ ቦታው እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ወደ ቦታው ስል ወደ ጋራዡ ማለቴ ነው፤ ወደ ጥበቃው አይደለም። የላካችሁልኝን ሁለት ቴስታታዎች ሳልፈታቸው መልሻለሁ። ቴስታታው ቀዝቅዟል፤ ማይክሮሜትሬን ከዕቃ ቤቱ ጠባቂ ዘንድ ትቻለሁ፤ ማንም መጥቶ ሊለካ ይችላል።

መልሳችሁ እስከ ነሐሴ 30 ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት፣ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። የቃል መልስ አልቀበልም። ማኅተሙም ከፊርማው ላይ አይረፍ፤ የፈረመው ሰው ማን እንደሆነ ማንበብ እፈልጋለሁ።»